ከወለል ሥር የወጣው 67 ኪሎ ብር

እኛ ገንዘባችንን «ብር» ብለን ነው የምንጠራው። ኪሳችን ውስጥ ያለው ወረቀት ነው፤ ስሙ ግን የማዕድኑ ነው። በአያቶቻችን ዘመን ገንዘቡ ራሱ ብር ነበርና። ጠገራ ብር ያየ ሰው ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገውም።

ይህን ከያዛችሁ፣ በስዊድኗ ጎትላንድ ደሴት፣ በቪስቢ ከተማ ባለው የጎትላንድ ሙዚየም ውስጥ የሚታየው ነገር ግማሹ ገብቷችኋል ማለት ነው። የስፒሊንግስ ድልብ ይባላል። ሲመዘን 67 ኪሎ ብር ነው። በውስጡ 14,295 ሳንቲሞች፣ 486 የእጅ አምባሮች፣ የብር ዘንጎችና ብዙ ቁርጥራጭ አሉ። ቫይኪንጎች ከሚባሉት፣ በባሕርና በወንዝ እየተጓዙ ይነግዱና ይዘርፉ ከነበሩት የጥንት የሰሜን አውሮፓ ሰዎች ዘመን እስካሁን ከተገኙ የብር ድልቦች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው።

ስለ እንዲህ ዓይነት ግኝት ስናወራ የመጀመሪያው ጥያቄ ሁሌም «ስንት ያወጣል?» ነው። ጥያቄው ይገባኛል። ግን ከሁሉ ትንሹ ነገር እሱ ነው። ለምን እንደምል እየቆየ ይገለጻል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሌላ ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ድልብ ማለት ምንድን ነው?

ሰው አውቆ በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ቦታ የደበቀው ሀብት ነው። ከኪስ ወድቆ የጠፋ ሳንቲም ድልብ አይባልም። ሰው ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ዙሪያውን አይቶ፣ ቀብሮ፣ ከላይ አፈር መልሶ የሄደበት ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። የጠፋ ሳንቲም የሚነግረን ስለ ራሱ ብቻ ነው። ድልብ ግን በአንድ ቀን በአንድ ሰው እጅ ምን ምን አንድ ላይ እንደነበረ ያሳያል። በ1,100 ዓመት ውስጥ ማንም ያልከፈተው ቁም ሣጥን በሉት።

እንዴት ተገኘ?

ታሪኩን ስሰማው ሁሌም ይገርመኛል። ጎትላንድ ላይ ሌቦች ሌሊት ሌሊት የብረት መፈለጊያ መሣሪያ ይዘው ማሳ ውስጥ እየገቡ ቅርስ ይዘርፉ ነበር። አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ስለዚህ ዝርፊያ ዘገባ ለመሥራት ወደ ደሴቷ መጣ። አንድ አርኪዮሎጂስትና አንድ የጥንት ሳንቲም አጥኚ ከጋዜጠኞቹ ጋር በደሴቷ ሰሜን፣ ስሊተ አጠገብ ወዳለው ስፒሊንግስ የእርሻ ቦታ ሄዱ። ቀደም ሲል በዚያ ማሳ ላይ የብር ሳንቲሞችና የነሐስ ቁርጥራጮች ተገኝተው ነበርና፣ ለቀረጻ ጥሩ ቦታ ነው ተባለ።

ቀኑ ሐምሌ 9 ቀን 1991 ዓ.ም. ነው። በፈረንጁ ጁላይ 16 ቀን 1999። ቀረጻው አለቀ። ጋዜጠኞቹ ዕቃቸውን ጭነው ሄዱ። ሁለቱ ባለሙያዎች ግን ትንሽ እንይ ብለው ቀሩ። 20 ደቂቃ ያህል ቆይቶ መሣሪያው ጮኸ። ከሥሩ የነበረው 27 ኪሎ ገደማ ብር ነው። ከሁለት ሰዓት በኋላ እዚያው በጥቂት ሜትር ርቀት እንደገና ጮኸ። በዚህኛው ጊዜ ምልክቱ ከመሣሪያው አቅም በላይ ሆነ። 40 ኪሎ ነበረ።

በኋላ በሥርዓት ሲቆፈር ሦስተኛ ጉድጓድ ተገኘ። እሱ ውስጥ ያለው 20 ኪሎ ያህል አሮጌ ነሐስ ነው፤ ቀልጦ ሌላ ነገር ሊሠራበት የተሰበሰበ ብረታ ብረት። ከሁሉም በላይ ደግሞ የቤት መሠረት ተገኘ። ብሩ የተቀበረው ሜዳ ላይ አልነበረም ማለት ነው። ከአንድ ቤት ወለል ሥር ነው።

ይህን ዝርዝር ልብ በሉልኝ። ሌባ ቀድሞ ደርሶ ቢሆን ኖሮ ብሩ አይጠፋም ነበር፤ አንድ ቦታ ይሸጥ ነበር። የሚጠፋው ቤቱ ነው። ሦስቱ ጉድጓዶች አጠገብ ለአጠገብ መሆናቸው፣ ነሐሱ ለብቻ መቀመጡ፣ የወለሉ ነገር፣ ይህ ሁሉ አይታወቅም ነበር። ባለሙያዎች ስለ ዝርፊያ ሲያወሩ የሚቆጩት ለዚህ ነው።

የዓረብ ሳንቲም ስዊድን ውስጥ ምን ይሠራል?

አብዛኛውን ሰው የሚያስገርመው ይህ ነው። ከ14,000 በላይ ሳንቲሞች ውስጥ ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም የእስላማዊው ዓለም ድርሃሞች ናቸው። ዱባይ ወይም አቡ ዳቢ ያላችሁ ደመወዛችሁን የምትቀበሉበት ገንዘብ ስሙን የወረሰው ከዚህ ሳንቲም ነው። ቃሉ ራሱ ከግሪኩ ድራክማ የመጣ ነው። የጥንቱ ድርሃም ግን ስስ የብር ሳንቲም ነው፤ ክብደቱ 3 ግራም ገደማ። ሥዕል የለበትም። ሁለት ገጹም በጽሑፍ የተሞላ ነው።

ብሩ የወጣው ከፋርስ፣ ከመካከለኛው እስያና ዛሬ አፍጋኒስታን ከምንለው አገር ማዕድን ነው። የኸሊፋዎቹ ከተሞች ድርሃም አድርገው ያስቀርጹታል። ባግዳድ አንዷ ናት። ከዚያ በካስፒያን ባሕር ዙሪያ፣ በቮልጋና በሌሎች የዛሬዋ ሩሲያ ወንዞች፣ ከእጅ ወደ እጅ እያለ ወደ ሰሜን ይወጣል። የመጨረሻው መንገድ በባልቲክ ባሕር ላይ ነው። ጎትላንድ ደግሞ በዚያ ባሕር መሐል ያለች ደሴት ናት።

በልዋጩ ወደ ደቡብ ምን ሄደ? የእንስሳ ፀጉር ቆዳ፣ ማር፣ ሰም፣ ሰይፍ። እና ሰው። ይህን ማለፍ አይገባም። ቫይኪንጎችና ባልደረቦቻቸው በምሥራቅ አውሮፓ ሰው እየማረኩ ይሸጡ ነበር፤ ከተሸጡት ብዙዎቹ ስላቮች ናቸው። ሙዚየም ውስጥ ብሩ በመብራት ሲያበራ በጣም ያምራል። ግን ከነዚህ ድርሃሞች የተወሰኑት የሰው ዋጋ እንደነበሩ የሚያጠራጥር አይደለም። በቀይ ባሕር በኩል የኛ ሰዎችም ወደዚያው ዓለም ገበያ ተሸጠዋል፤ ስለዚህ ነገሩ ለኛ ባዳ አይደለም።

ኢብን ፋድላን የተባለ የባግዳድ መልእክተኛ በ922 ቮልጋ ላይ እነዚህን የሰሜን ነጋዴዎች አግኝቷቸዋል። ሴቶቻቸው በአንገታቸው የወርቅና የብር ቀለበት እንደሚያደርጉ ጽፏል። ባልየው 10,000 ድርሃም ሲሞላለት ለሚስቱ አንድ ያሠራላታል፤ 20,000 ሲሞላለት ሁለት። የኛም ባላገር ጠገራውን አስቀልጦ ለሚስቱ ድሪና አምባር፣ ለአንገቷ መስቀል ያሠራ ነበር። ባንክ በሌለበት አገር ሀብት የሚቀመጠው ወይ አንገት ላይ ነው፣ ወይ መሬት ውስጥ።

ለምን ቆራረጡት?

በድልቡ ውስጥ ሙሉ ያልሆነ ሳንቲም ሞልቷል። ግማሽ፣ ሩብ፣ ስባሪ። አምባሮችም ተቆርጠዋል። አንዳንድ ሰው የተበላሸ ይመስለዋል። አልተበላሸም። የዚያ ዘመን ዝርዝር ገንዘብ ነው።

ጎትላንድ ላይ የራሷ ሳንቲም የሚያስቀርጽ ንጉሥ አልነበረም። ድርሃሙ ላይ የተጻፈውን የሚያነብም የለም። ለነሱ ዋናው ብሩና ክብደቱ ነው። ስለዚህ ገበያ ሲወጡ ትንሽ ታጣፊ ሚዛን ይዘው ይወጣሉ። ዛሬ ወርቅ ቤት ገብታችሁ ሐብል ስትሸጡ ባለሱቁ ጌጡን ሳይሆን ግራሙን ነው የሚያየው፤ እንደዚያ ነው። ሒሳቡ ካልሞላ አንድ ሳንቲም ይቆረጥና ይጨመርበታል። አምባሮቹም ብዙዎቹ ጌጥ ብቻ አይደሉም። ክብደታቸው ተለክቶ የተሠሩ፣ አንድ ላይ ተጠምጥመው የታሰሩ ናቸው። የታሰረ ጥሬ ገንዘብ እንደማለት ነው።

በብሩ ላይ የቢላ ጫፍ የነካው ትንሽ ጭረትም ይታያል። ተቀባዩ እውነተኛ ብር መሆኑን ለማረጋገጥ ይወጋዋል። ውስጡ መዳብ ከሆነ ያኔ ይታወቃል። የኛ ነጋዴ ደግሞ ጠገራ ሲቀበል በላዩ በተቀረጸችው በኦስትሪያዋ ንግሥት በማርያ ትሬዛ ትከሻ ላይ ያለውን ጌጥ ነጠብጣቦች ይመረምር ነበር። ነጠብጣቡ በደንብ ካልታየ አይቀበልም። ዘዴው ይለያያል፤ ጥርጣሬው አንድ ነው።

መቼ እንደተቀበረ በምን ታወቀ?

መልሱ ቀላል ነው፤ ሳንቲሞቹ ራሳቸው ይናገራሉ። የዓረብ ድርሃም ለታሪክ አጥኚ በረከት ነው። በዘመኑ የአውሮፓ ሳንቲም ላይ አብዛኛውን ጊዜ ዓመት አይጻፍም። ድርሃም ላይ ግን በዙሪያው «ይህ ድርሃም በዚህ ከተማ፣ በዚህ ዓመት ተቀረጸ» ተብሎ ተጽፏል።

አሁን ይህን አስቡ። የአያታችሁን ሣጥን ከፈታችሁ። ከውስጡ የጃንሆይ ዘመን ሳንቲም፣ የደርግ ዘመን ሳንቲም፣ ከዚያም ባለ አንድ ብሩ ሳንቲም ወጣ። ሣጥኑ መጨረሻ የተዘጋው መቼ ነው? ባለ አንድ ብሩ ሳንቲም ከመውጣቱ በፊት ሊሆን አይችልም። አሮጌዎቹ ሳንቲሞች ስለ መዝጊያው ቀን ምንም አይነግሩንም። የሚነግረን የመጨረሻው ነው።

ስፒሊንግስም እንደዚሁ ነው። በውስጡ እስልምና ከመነሣቱ በፊት የነበሩ የፋርስ ነገሥታት ሳንቲሞች ሳይቀሩ አሉ። በሦስት መቶ ዓመት ይቀዳደማሉ። ከሁሉም ኋላ የመጣው ግን በ870/871 የተቀረጸ ነው። ስለዚህ ብሩ የተቀበረው ከዚያ በኋላ ነው፤ ምናልባትም ብዙ ሳይቆይ።

«870/871» የሚለው ነገር ብዙ የፈረንጅ አንባቢ ያደናግራል። እኛን አያደናግረንም። ሳንቲሙ ላይ ያለው የሂጅራ 257 ዓመት ነው። የሂጅራ ዓመት ደግሞ በጃንዋሪ አይጀምርም፤ ስለዚህ በሁለት የፈረንጅ ዓመቶች መካከል ይወድቃል። የኛ 1991 ከ1998 ጀምሮ እስከ 1999 እንደሄደው ሁሉ።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ሳንቲም ላይ ያለ ዓመት ሁሌ እውነት አይናገርም። ቤታችሁ ጠገራ ብር ካለ አውጥታችሁ እዩት። 1780 ይላል። ማርያ ትሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው። ሳንቲሙ ተፈላጊ ስለነበር ከሞተችም በኋላ ዓመቱ ሳይቀየር መቀረጹ ቀጠለ። እጃችሁ ላይ ያለው በ1930ዎቹ ሮም ወይም ለንደን የተሠራ ሊሆን ይችላል። ድርሃምም ላይ እንዲህ ያለ ነገር አለ። ሌሎች ሕዝቦች ድርሃምን አስመስለው ሲያስቀርጹ የድሮውን ዓመት እንዳለ ይገለብጡት ነበር። ለዚህ ነው ባለሙያ አንድ ሳንቲም ብቻ አይቶ የማይፈርደው።

«ሙሴ የአላህ መልእክተኛ ነው» የሚለው ሳንቲምስ?

ከድልቡ ሁሉ እኔን የሚይዘኝ ይሄ ነው። ከእነዚያ ሁሉ ሺህዎች መካከል አንዱ ሳንቲም ሲነበብ እንግዳ ነገር ተገኘበት። ሌላው ድርሃም «ሙሐመድ የአላህ መልእክተኛ ነው» በሚልበት ቦታ፣ ይህኛው «ሙሳ ረሱሉላህ» ይላል። ሙሴ የአላህ መልእክተኛ ነው። ፊደሉ ዓረብኛ ነው፤ አሠራሩም እንደሌላው ድርሃም ነው። የተለወጠው ያ ስም ነው።

ያስቀረጹት ካዛሮች ናቸው። ካዛሮች ከካውካሰስ ተራሮች ሰሜን፣ በጥቁር ባሕርና በካስፒያን መካከል መንግሥት የነበራቸው የቱርክ ዝርያ ሕዝብ ናቸው። በወንዞቹ ላይ የሚያልፈውን ንግድ ቀረጥ ያስከፍሉ ነበር። መኳንንቶቻቸው የአይሁድን እምነት እንደተቀበሉ የዓረብና የዕብራይስጥ ጽሑፎች ይናገራሉ። መቼ የሚለው ግን ለረጅም ጊዜ አከራካሪ ነበር። ጽሑፎቹ ብዙዎቹ በኋላ ዘመን የተጻፉ ናቸውና።

ሳንቲሙ ወደዚህ ክርክር ገባ። «የካዛር ምድር» የሚል ጽሑፍና 837/838 የሚል ዓመት ያለባቸው ሌሎች ሳንቲሞች አሉ። የሙሴ ሳንቲሞች ከነሱ ጋር በአንድ ዘመንና በአንድ ቦታ እንደተሠሩ አጥኚዎች ከማኅተሞቹ መመሳሰል ደርሰውበታል። እንግዲህ ንጉሡ እምነቱን በገንዘቡ ላይ በይፋ ያወጀበት ዘመን በእጃችን ላይ አለ ማለት ነው። እስራኤል ላላችሁ አንባቢዎች፣ የአይሁድ መንግሥት ሲነሣ ካዛር የሚለው ስም ለምን እንደሚጠቀስ ከጠየቃችሁ፣ አንዱ ተጨባጭ ማስረጃ ይህ ነው።

3 ግራም ገደማ ብር ነው እንግዲህ። ቢቀልጥ ከአንድ ቀጭን ቀለበት አያልፍም።

የኛው ደብረ ዳሞም እንዲህ ያለ ታሪክ አለው። በ1940 እዚያ ከ100 በላይ የወርቅ ሳንቲሞች ተገኝተው ነበር። የአክሱም አይደሉም። በሰሜን ሕንድና በአፍጋኒስታን የነገሡት የኩሻን ነገሥታት ናቸው። አክሱም የራሷን ወርቅ፣ ብርና ነሐስ ሳንቲም ታስቀርጽ የነበረች አገር ናት። ሆኖም ከሕንድ ጋር የነበራትን ግንኙነት ያን ያህል አጉልቶ የሚያሳየው ያ የባዕድ ወርቅ ነው።

ባለቤቱ ለምን ተመልሶ አልወሰደውም?

67 ኪሎ ብር ወደ ሁለት ሦስተኛ ኩንታል ነው። ለአንድ አህያ የሚበቃ ጭነት። ሰው ይህን ረስቶ አይሄድም።

የተለመደው ማብራሪያ ሦስት ነው። አንደኛው ጦርነት ነው፤ ሰው ሲፈራ ይቀብራል፤ ሲሞት ይቀራል። ሁለተኛው ሃይማኖት ነው፤ ቫይኪንጎች በምድር የቀበርከውን በወዲያኛው ዓለም ታገኘዋለህ ብለው ያምኑ ነበር የሚል በ13ኛው መቶ ዘመን የተጻፈ ትውፊት አለ። ሦስተኛው ከሁሉም ተራው ነው፤ ወለሉ የቤቱ ካዝና ነበር። ሲገባ ይጨመርበታል፤ ሲያስፈልግ ይወጣል።

ለስፒሊንግስ ሦስተኛው ይበልጥ ይስማማል ብዬ አምናለሁ። ከቤት ወለል ሥር መሆኑ፣ አምባሩ በክብደት መታሰሩ፣ ነሐሱ ለብቻው መሆኑ የነጋዴ ግምጃ ቤት ያስመስለዋል። ግን ያም ቢሆን የመጨረሻውን ቀን አያስረዳም። አባት ቦታውን ለልጁ ሳይነግር ሞተ? ልጁ በባሕር ቀረ? ጎትላንድ ላይ ከቫይኪንጎች ዘመን ከ700 በላይ የብር ድልቦች ተገኝተዋል። እያንዳንዱ ተመልሶ ያልመጣ ሰው አለው።

ታዲያ ብሩ የማን ሆነ?

በስዊድን ሕግ እንዲህ ያለ የጥንት ብር ያገኘ ሰው ለራሱ ማስቀረት አይችልም። ለመንግሥት ማቅረብ አለበት፤ መንግሥት ደግሞ ዋጋ ከፍሎ ይረከባል። ዝቅተኛው ክፍያ የብረቱ የክብደት ዋጋ ሲሆን፣ አንድ ስምንተኛ ይጨመርበታል። ከዚያ በላይም ሊከፈል ይችላል። ለስፒሊንግስ ከ2 ሚሊዮን የስዊድን ክሮኖር በላይ ተከፍሏል። የብረት መፈለጊያ መሣሪያ መጠቀም ደግሞ ያለ ፈቃድ ክልክል ነው።

አሠራሩን እወደዋለሁ። ገበሬው ያገኘውን ደብቆ ከመሸጥ ይልቅ ማሳወቁ እንዲያዋጣው ያደርጋል። በኛም አገር የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 (1992 በኛ አቆጣጠር ነው) በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅ ያዛል፤ ላስረከበም ተገቢ ሽልማት እንደሚሰጥ ይናገራል። ግን አክሱም አካባቢ ዝናብ ሲዘንብ ከማሳ ላይ ሳንቲም ብቅ ይላል፤ ለቱሪስትም በጎን ሲሸጥ ይታያል። የተሸጠው ሳንቲም ሌላ አገር፣ የሆነ ሰው መሳቢያ ውስጥ ይገባል። ከየትኛው ማሳ፣ ከምን ጋር፣ በምን ያህል ጥልቀት ተገኘ የሚለው ለዘለዓለም ይጠፋል።

ስለዚህ አንድ ቀን እርሻ ላይ ወይም የቤት መሠረት ሲቆፈር ሳንቲም ቢያጋጥማችሁ፣ መቆፈሩን አቁሙ። ባለበት ፎቶ አንሡ። ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ወይም ለአካባቢው ሙዚየም ደውሉ። በአመድና በሎሚ አትፈትጉት፤ ብር የሚጸዳው እንደዚያ ነው ብለን ስላደግን እጃችን ይሄዳል። ፍትጊያው ጽሑፉን ይበላዋል። የተጣበቀበት አፈርም ለባለሙያው መረጃ ነው።

ስፒሊንግስ ላይ እኮ ባለሙያዎቹ ያን ቀን እዚያ ማሳ ላይ የተገኙት በአጋጣሚ አይደለም። ከዚያ በፊት ከዚያው መሬት የወጡ ጥቂት ሳንቲሞች ስለታወቁ ነው።